ሁለቱንም ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ

ሊይዘኝ የመጣው ፖሊስ ከሳምንት በፊት የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ የጻፍኩለት ሰው ነበር። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጥላዬ ሥር ተቀምጬ ለአንዲት ሴት የቀለብ አቤቱታ እየጻፍኩ ነው። ጠጋ ብሎ ቆመና የጀመርኩትን አረፍተ ነገር እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ። የዚህን አገር «አንድ ጥያቄ» የማያውቅ የለም። ጥላዬን አጠፍኩ፤ ጠረጴዛዬን አጠገቤ ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት አደራ ሰጠሁ። ሴትዮዋ «የኔስ ነገር?» አለች። «የቀረው ቀን ብቻ ነው፤ ልጅዎ ይጻፍበት» ብያት ሄድኩ።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ከተማችንን አዳማ ይላታል፣ አንዳንዱ ናዝሬት ይላታል፤ እኔ እንደ አፉ እጽፍለታለሁ። ከሁሩታ የድንበር ክርክር ይዘው ይመጣሉ፤ ከዓለም ጤና የሽንኩርት ማሳ ውሃ ያጣላቸው ሰዎች ይመጣሉ። ያሳሰረኝ ግን የገዛ ሠፈሬ እናቶች ወረቀት ነው። ልጆቻቸው ከተያዙ ሳምንት አልፏቸው ፍርድ ቤት አልቀረቡም ነበር። «የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው ሕግ ይከበርልን» የሚል አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው፤ ፈረሙበት። ወረቀቱንና ሁለት እናቶችን ይዞ እስከ ፍትሕ ቢሮ ያደረሰው ደግሞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቆም ባለባጃጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የጻፍኩት እኔ፣ ያደረሰው እሱ። በአንድ ቀን ተያዝን፤ ክሳችንም አንድ ሆነ፦ ሕዝብን ለአመፅ ማነሳሳት። እኔ አንደኛ ተከሳሽ ተባልኩ፣ እሱ ሁለተኛ። አባቴ ዕድሜ ልኩን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ሲለኝ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በሰው ነገር የምተዳደር ሰው ነኝ።

ጣቢያው እንደ ደረስን ሁለታችንን መርማሪው ፊት ጎን ለጎን አስቀመጡን። መርማሪው ቅጽ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉ የማይነበብ ነበር፤ የአባቴን ስም ብቻ ሁለት ጊዜ ሰረዘው። እኔ የተበላሸ ቅጽ ማየት አልወድም፤ የሙያ በሽታ ነው።

«አምጣው እኔ ልሙላው» አልኩት።

ሳቀ፤ እስክሪብቶውንም ሰጠኝ። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሞልቼለታለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ብሔር። የራሴን ስሞላ እጄ አልዘገየም፤ የስንት ሺህ ሰው የሞላ እጅ ነው። ከዚያ የባለባጃጁን ቅጽ ሳብኩ።

«ብሔር?» አልኩት።

«ግድ ነው?»

«ቅጽ ነው። ባዶ ከሆነ ይመለሳል።»

ትንሽ አሰበ። «የእናቴና የአባቴ ይለያያል። የማንን ልበልህ?»

«የአባትህን በል። መስመሩ አንድ ነው።»

ነገረኝ፤ ጻፍኩት። ጽሑፌ ስለሚያምር አምሮ ተጻፈ።

የእኔና የእሱ መስመር ምን ይል እንደነበር እዚህ አልጽፍም። የተለያየ ነበር፤ ይኼ ይበቃል። ስናወራ ግን ማንም አይለየንም ነበር። እዚህ ያደግን ሰዎች በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሳለን፤ የምንቀልድበት አንዱ ከሆነ የምንናደድበት ሌላው ነው።

የገባንበት ክፍል ስምንት እርምጃ በአምስት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። በጎናችን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ይግልና አየሩ ይከብዳል። ከውጭ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከዚያ የሚመለሱ ከባድ መኪኖች ክላክስ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ነበር። የማንም አይደለም፤ የክፍሉ ነው። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ይለብሰዋል፤ ሲመለስ አጥቦ መልሶ ይሰቅለዋል።

መጻፍ መቻሌ ሲታወቅ በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ ተሰጠኝ። የሁሉንም የቅጣት ማቅለያ እጽፍ ጀመር፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቅጣቱ እንዲቀነስለት ለዳኛ የሚያቀርበው ወረቀት ነው። ያኔ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ነገር ተከሰው ለአንዱ «እመንና ይቀነስልሃል» የሚል ድርድር ይመጣለታል፤ ለሌላው አይመጣም፤ ከመጣም ከባዱ ይመጣለታል። የሁለቱንም ወረቀት የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ልዩነታቸው በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይታየኛል። ማየቱን ግን አልወደድኩትም። የዓቃቤ ሕጉ መለያየት ይሆናል፣ የጠባያቸው ነገር ይሆናል እያልኩ ራሴን አባብል ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ስሜ ተጠራ።

ዓቃቤ ሕጉ ጎልማሳ ነው፤ ጉንፋን ይዞት በመሐረብ አፍንጫውን ይጠርጋል። ወንበር ሰጠኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

«አባትዎን አውቃቸዋለሁ» አለኝ። «ተማሪ ሆኜ አሰላ የምመላለሰው በእሳቸው አውቶቡስ ነበር። ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው» አልኩ። ደህና አልነበረም።

ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ጥፋተኝነትዎን አምነው ይፈርሙ። ቅጣቱ በገደብ ይሆናል። ሐሙስ ምሳዎን ከአባትዎ ጋር ይበላሉ።»

«ምኑን ነው የማምነው?»

«ወረቀቱ የተጻፈው ሕዝብ ለማነሳሳት መሆኑን።»

«ሁለተኛው ተከሳሽስ?»

«የሱ ድርድር ሦስት ዓመት ነው። እምቢ ካለም ክርክሩ ይቀጥላል፤ ሲፈረድበት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ። እሱ ያደረሰ ብቻ ነው።»

መሐረቡን አጠፈ፤ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው። «እኔ አይደለሁም የወሰንኩት። ለእነማን አስተማሪ ቅጣት እንደሚያስፈልግ ይነገረናል።» ፋይሉን ገለጠና ጣቱን ቅጹ ላይ፣ አምስተኛው መስመር ላይ አሳረፈ። «የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ መቼም ያውቁታል።»

አወቅሁት። በጣም ያማረ ጽሑፍ ነበር።

«እስከ ሐሙስ ያስቡበት» ብሎ አሰናበተኝ።

ከቢሮው እስከ ክፍላችን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ሄድኩት። ጻፊው ራሱ «አዎ፣ ለአመፅ ነው የጻፍኩት» ብሎ ከፈረመ፣ አድራሹ ምን ብሎ ይከራከራል? እኔ የምወጣበት ፊርማ እሱን የሚያስገባው ነው። ካልፈረምኩ ደግሞ አባቴ አለ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት።

ስገባ ባለባጃጁ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ምን አሉህ?»

«ምንም። የቀጠሮ ነገር ነው።»

ዋሸሁት። ፊቱን ላለማየት የማንም ያልሆነ ወረቀት አንሥቼ አነበብኩ።

አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል። አርባውን ዓመት መሪ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ከዝዋይ እስከ አሰላ የማያውቀው ጉድጓድ የለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን መርሳት ጀምሯል። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ ሻይ ውስጥ ጨው ይጨምር ጀመር። ከእኔ በቀር ቤት ውስጥ ሰው የለውም። ከታሰርኩ ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይመጣል። መንገድ ይጠፋዋል ብዬ እንዳይመጣ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ሁለት ጎዳና፣ አንድ አደባባይና የከባድ መኪኖቹን መንገድ ማቋረጥ ነው። ያ መንገድ እስኪጠፋው ድረስ ስንት ቀን እንደቀረው አላውቅም ነበር፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲቀርብ ዓይኔን ከበሩ አላነሣም።

የዚያን ሰኞ ስድስት ሰዓት ሆነ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ምሳ የመጣላቸውን ስም መጥራት ጀመረ። የእኔን አልጠራም። ስድስት ተኩል ሆነ። ሌሎቹ መብላት ጀመሩ፤ «ና ብላ» አሉኝ፤ አልቻልኩም። የባለባጃጁም ምሳ አልመጣም ነበር። እናቱ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም።

«ያንተም አልመጡም?» አለኝ።

«አልመጣም።»

ሰባት ሰዓት አለፈ። ከውጭ የአንድ ከባድ መኪና ፍሬን ሲጮህ ሰማሁና ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደ ተነሣሁ ማንም አልጠየቀኝም። ባለባጃጁ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። «ጀባዱ» አለኝ፤ በርታ ማለቱ ነው። የእሱም እናት አልመጡም፤ ግን እኔን ይዞ ተቀመጠ። የደበቅኩትን ድርድር ቢያውቅ እጄን ይይዝ ነበር ወይ እያልኩ አስብ ነበር።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁለታችንም በአንድ ላይ ተጠራን።

ከአጥሩ ወዲያ የባለባጃጁ እናት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ሁለት ምሳ ዕቃ በአንድ ፌስታል ይዘዋል፤ በሌላው የአባቴን የእጅ አንጓ ጨብጠዋል። አባቴ ልብሱ አቧራ ነክቶታል፤ ፊቱ ግን እንግዳ እንዳየ ልጅ ደስ ብሎታል።

«መናኸሪያ ነው ያገኘኋቸው» አሉ ሴትዮዋ። «የአሰላ አውቶቡስ ሾፌር ወንበር ላይ ወጥተው ‹ተራዬ ነው› ብለው ተቀምጠው። ወጣቶቹ ሌባ መስሏቸው ሊደበድቧቸው ሲሉ ደረስኩ። ከምሳ ሰልፉ ላይ አውቃቸዋለሁ፤ ‹አባቴ ናቸው› ብዬ ይዤ ወጣሁ።»

አጥሩን ይዤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ አባትህን አታስብ» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ከቤት ይዣቸው እመጣለሁ፤ መልሼም አደርሳቸዋለሁ። ያው መንገዴ ነው!»

አባቴ ወደ አጥሩ ተጠጋ። በየቀኑ የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

«ዛሬ ትወጣለህ?»

«ገና ነኝ አባዬ።»

ወደ ሴትዮዋ ዞረና አስረዳቸው። «ተራው አልደረሰም ማለት ነው» አላቸው። እሳቸውም «ይደርሳል፣ ይደርሳል» እያሉ ይዘውት ሄዱ። መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ፤ ግራና ቀኝ የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ገብተን ሁለቱን ምሳ ዕቃ በአንድ ላይ ከፈትን። ባለባጃጁ አጎረሰኝ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም፤ ዓቃቤ ሕጉ ያለኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ገደቡን፣ ሦስቱን ዓመት፣ ጣቱ ያረፈበትን መስመር።

እጁን በውሃ ታጠበ፤ ቀስ ብሎ ታጠበ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ፈርም» አለኝ።

«ከፈረምኩ አንተን ማስፈረዴ ነው።»

«ሳትፈርምስ ሊፈቱኝ ነው? አባትህን ዛሬ አየሃቸው። የኔ እናት ጤነኛ ናት።»

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አጠገብህ ነበርኩ።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አለኝ፤ አፌ ለዚያ አያንስም።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ማክሰኞ ልፈርም ወስኜ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አባቴ መናኸሪያው ላይ ሲደበደብ እያየሁ ነው ያደርኩት። ረቡዕ በስድስት ሰዓት ግን ሴትዮዋ አባቴን እንደ ቃላቸው ይዘውት መጡ፤ ፊቱን ታጥቧል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ሁሉ በቦታው ተቆልፏል። በዚያ ቅጽ ላይ የእሳቸው ዘር አልተጻፈም። ለእሳቸው የሚሆን መስመር የለም ብዬ የዘለልኳቸው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዓቃቤ ሕጉ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩትና «ሁለት ነጭ ወረቀት ይስጡኝ» አልኩት። ሰጠኝ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጻፍኩ፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። «ክሳችን አንድ ስለሆነ ድርድሩም ለሁለታችን እኩል ይሁንልን፤ ካልሆነ ለሁለታችንም ይቅርብን» ይላል። አንብቦ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«ይህ እኮ ድርድር አይደለም።»

«ማመልከቻ ነው» አልኩት። «እኔ የማውቀው እሱን ነው።»

«አባትዎስ?»

እስክሪብቶውን መለስኩለት። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ክርክሩ ቀጠለ፤ ሁለታችንም ጥፋተኛ ተባልን። የቅጣት ማቅለያችንን የጻፍኩት በሩ አጠገብ ባለው ብርሃን ነው። ሁለቱንም ቃል በቃል አንድ አደረግኋቸው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በእኩል ኅዳግ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የትምህርት ደረጃ። አምስተኛውን መስመር ባዶ ተውኩት። ፍርድ ቤት በምንሄድበት ጠዋት ሸሚዙን ከምስማሩ አውርደው ሰጡኝ። እኔ ለባለባጃጁ አቀበልኩት፤ እሱ መልሶ ለእኔ። ሁለት ሰው ነን፣ ሸሚዙ አንድ ነው። በመጨረሻ መልሶ ሰቀለው፤ ሁለታችንም በላብ በጠቆረ ካናቴራችን ሄድን።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ወረቀት አነበቡ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ተመልሰው የመጀመሪያውን አነሡ። ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው፣ የተከበረው ፍርድ ቤት።»

«እዚህ ላይ ያልተሞላ አለ።»

«ትቼው ነው።»

«ለምን?»

በፍርድ ቤት በር ሃያ ዓመት ስቀመጥ ዳኛ ስለ ጽሑፌ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ለቅጣቱ አያስፈልግም ብዬ ነው» አልኩ።

ዳኛዋ እስክሪብቶ አነሡ። ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ አነበቡልን፤ ለአንደኛ ተከሳሽ አሥር ወር፣ ለሁለተኛ ተከሳሽ አሥር ወር። ባለባጃጁ በክርኑ ጎኔን ነካ አደረገኝ። ይህን ያደረገው ወረቀቱ ይሁን የዳኛዋ ልብ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሐሙስ ቤቴ ልገባ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ አሥር ወር ተፈረደብኝ፤ እፎይ ብዬ አለቀስኩ።

አሥሩ ወር በነጻ አላለፈም። አባቴ ከመንፈቁ በኋላ መምጣት ተወ፤ ሴትዮዋ ቤታቸው ወስደው ያስታምሙት ነበር። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ «ይበላሉ፣ ይስቃሉ» ይሉኛል፤ «ስላንተ ይጠይቃሉ» ግን አይሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

የተፈታን ቀን ከባለባጃጁ ጋር አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። አባቴ ግቢው ውስጥ ከፓፓያው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። ከፊቱ ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩ። ትክ ብሎ አየኝ፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ሞከረ።

«ጎበዝ፣ የማን ወገን ነህ?» አለኝ።

«ያንተ ነኝ አባዬ። የአንተ ወገን ነኝ።»

አሰበበት። «እንግዲያው ተቀመጥ» አለና አጠገቡ ያለውን ዱካ በእጁ መታ መታ አደረገልኝ።

አሁን ወደ ጥላዬ ሥር ተመልሻለሁ። ደንበኛ ቅጽ ይዞ ሲመጣ አራቱን እሞላለሁ፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አነሣና «ይህቺን እንዝለላት?» እለዋለሁ። አንዳንዱ «ሙላት፣ ይመለስብኛል» ይላል፤ እሞላለታለሁ፣ ሰው በጉዳዩ ላይ አላስገድድም። አንዳንዱ ትንሽ ያስብና «ተዋት» ይለኛል። ሲመሽ ጥላዬን አጥፌ እገባለሁ። አባቴ በሩ ላይ ይቀበለኛል፤ የማን ወገን እንደሆንኩ ይጠይቀኛል። በየቀኑ እነግረዋለሁ።